ታጥቦ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

ፖሊሶች ካዛንቺስ ቤታችን የገቡት ልጄን ፈልገው ነው። አልጋዋን አነሡ፣ ቁም ሳጥኗን ከፈቱ፣ ሲያጧት «እንግዲያው እርስዎ ይምጡ» አሉኝ። ምድጃውን ማጥፋቴን ተመልሼ እንዳይ ለመንኳቸው። ፈቀዱልኝ። ጠፍቶ ነበር።

ልጄ ከመሬት በታች ስላለ ውሃ ታጠና ነበር። ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ረጅም ሜትር ጉድጓድ ውስጥ እየሰደደች ትለካለች። የጻፈችው ታትሞ ወጣ። የከተማው የጉድጓድ ውሃ ከዓመት ዓመት ወደ ታች እየራቀ ነው፣ ትልልቅ ሕንጻዎች ያለ ልክ እየሳቡት ነው ይላል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቁጭ ብላ አስረድታኝ ነው የገባኝ። ውሃ ጠፍቶ ሰው ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ሰሞን አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፣ ሰው ተቀባበለው። ከዚያ ልጄ ቤት ማደር ተወች። የት እንዳለች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ያስገቡኝ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ጎን ለጎን ተጣበው ስለሚተኙ አንዷ ስትገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ፤ ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ለእያንዳንዳችን አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይሰጠናል፤ ለመጠጥም ለመታጠቢያም እሱው ነው። ካቦዋ፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ቄራ ጨጓራና ምላስ ስትሸጥ የኖረች ሴት ነበረች።

«እትዬ፣ ምን አድርገው ነው?»

«ልጄ ስለ ውሃ ጽፋ ነው።»

«ስለ ውሃ?» ሳቀች። «እኔ እኮ በስድብ ነው የገባሁት። የእርስዎ ይሻላል፣ ቢያንስ ንጹህ ነው።»

መርማሪው ወጣት ነው። ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

«ማዘር፣ እንኩ ስልክ። አሞኛል ይበሏት። እሷ ትመጣለች፣ እርስዎ ቤትዎ ይገባሉ።»

«አላመመኝም።»

«እግርዎ አብጧል እኮ።»

«መቆም ስላበዛሁ ነው።»

«ውሃው ወረደ ብሎ መጻፍ ለእናንተ ምን ይጠቅማል?»

«ወርዶ ካገኘችው ምን ትበል?» አልኩት። ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ምሳ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ናት። በሩ ላይ ቀምሳ ታስገባለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። በማግሥቱ ከፍቼ ስጎርስ ሽሮው ጨው የለውም። ጎረቤቴ ጨው ታበዛለች። ለደም ግፊቴ ብላ ያለ ጨው የምትሠራልኝ ልጄ ብቻ ናት። እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበረች። ሁለተኛ መጉረስ አልቻልኩም። ክዳኑን ገጠምኩት።

«እንዳይመልሱት» አለች ካቦዋ። «ምግብ ሳይነካ ከወጣ ውጭ ያለው ሰው ታማለች ነው የሚለው። ነገ ልጅዎ ራሷ እዚህ በር ላይ ናት።»

ስልክ አልይዝም ያልኩት ሴትዮ በምሳ ዕቃ ልጠራት ነበር።

«እንግዲያው ብሉልኝ» አልኩ። ከበው በሉ።

«ልጅዎ ስለ ጨውስ መቼ ነው የምትጽፈው?» አለች አንዷ እየጎረሰች።

ሲጨርሱ ጠርሙሴ ውስጥ የቀረውን ውሃ ምሳ ዕቃው ላይ አፈሰስኩ። ካቦዋ እጄን ያዘችኝ።

«እስከ ነገ ምን ሊጠጡ ነው? ባዶ ከሆነ በቃ።»

«ደህና ሆኜ ያልታጠበ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ልጄ ታውቀኛለች።»

ጥጋጥጉን በጣቴ ፈትጌ፣ በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ ላክሁት። ጠባቂው ከፍቶ አየውና ዘጋው። ከዚያ በኋላም እንደዚሁ ነበር። አንዳንድ ቀን ጥቂት ጎረስኩ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ።

ሲፈቱኝ ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ልጄ ያኔ ቡልጋሪያ ሰፈር ጓደኛዋ ቤት ነበረች። ሽሮውን በላከች በመጀመሪያው ቀን እጄን እሰጣለሁ ብላ ጫማዋን አድርጋ ተነሥታ ነበር አሉ። ጎረቤታችን ታክሲ እየቀያየረች ምሳ ዕቃውን አደረሰችላት። ከፈተችው፣ አየችው፣ ተቀመጠች።

ዛሬ የካዛንቺሱ ቤታችን የለም፣ ፈርሷል። የምንኖረው ከተማው ዳር ነው። ልጄን አሁን የሚፈልጋት የለም ይባላል። እሷ ግን አትጽፍም፣ ጉድጓድም አትለካም፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠይቃትም። ኩላሊቴ ከዚያ ወዲህ ደህና አይደለም። ምሳውን ማን ይበላው እንደነበር አንድ ቀን ነገርኳት። ከዚያ ጀምሮ ባዶ ሳህን አታምንም። ምግብ ስታቀርብልኝ እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እኔም፣ የሚያመኝ ቀን እንኳ ቢሆን፣ እያየችኝ እጎርሳለሁ።