ጭን ላይ የተጣለ እንቁላል

ፖሊሶች የያዙኝ አራዳ፣ ከአንድ መጽሐፍ ሻጭ ፊት ለፊት ነው። ቦርሳዬን በረበሩ። ከዳቦ በቀር የተገኘው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው በየአውቶቡሱና በየሆቴሉ የገጠመውን እያሾፈ የጻፈው። ፖሊሱ ገልጦ ጥቂት አነበበና ፈገግ አለ። መጽሐፉን መለሰልኝ። እኔን ግን ወደ ቤቴ አልመለሰኝም።

እኔንና ሌሎች ከየመንገዱ የታፈሱትን ያስገቡን የበርበሬ መጋዘን ነበር። በርበሬው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ከሃያዎቻችን የማያስነጥስ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ለምርመራ ጠሩኝና ጨለማ ቤት ጨመሩኝ። አራት ቀን። ስወጣ ጣቶቼ ጣሳ መያዝ አቃታቸው። ውሃ ያጠጡኝ ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም "አያ" እንላቸዋለን። የታሰሩት የጠፋ ልጃቸውን ፍለጋ ከተማ ገብተው ነው። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ።

ተስፋ ቆርጠን ነበር። ከመካከላችን እህል መቅመስ የተወ ሁሉ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጣም ጨነቀኝና መጽሐፉን በሹክሹክታ ማንበብ ጀመርኩ። ጸሐፊው አውቶቡስ ውስጥ ተጣቦ ተቀምጧል። ከጎኑ ያሉት ሴትዮ ዶሮ አስይዘውታል። ዶሮዋ ጭኑ ላይ እንቁላል ጣለች። እንቁላሉ የማን ነው? ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ሽማግሌ አስቀመጠ። ሳቃችን አመለጠን። ከስንት ጊዜ በኋላ!

በሩ ተበረገደ። ጠባቂው የሳቅነው በእሱ መስሎታል።

"ማነው የሳቀው?"

አንባቢው እኔ ነበርኩ፤ መነሳት የነበረብኝም እኔ ነኝ። ጨለማ ቤቱ ትዝ አለኝ። ፈራሁ፤ አልተነሳሁም። ያኔ አያ፣ ጭራሽ ያልሳቁት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆሙ።

"የሳቅሁ እኔ ነኝ።"

"አንተ ሽማግሌ፣ ምን ያስቅሃል?"

"ምነው፣ ሽማግሌ አይስቅም?"

ወሰዷቸው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። ተንበርክኬ ጣሳውን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ይቅርታ ልላቸው አስቤ ጣሳውን ደግሜ ሞላሁላቸው። እሳቸው ውሃውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ምን ነበር ያሳቃችሁ? እስኪ ለእኔም አንብብልኝ።"

ቆሜ አነበብኩ። በሹክሹክታ አይደለም፣ በሙሉ ድምፄ። ጠባቂው በሩን በዱላ ደበደበ። እኔ ግን እስከ ሽምግልናው መጨረሻ ዘለቅሁ።

አያ ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡበት።

"ይኸ ምኑ ያስቃል?" አሉ። "እንቁላሉ የባለ ዶሮዋ ነው። ይኸ ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል?"

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። አያ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ሲያዩ ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ቀድሜያቸው ተፈታሁ። መጽሐፉን እዚያው ትቼው ወጣሁ። ከወራት በኋላ አያም ተፈትተው አገራቸው መግባታቸውን ሰማሁ፤ ልጃቸውን ማግኘት አለማግኘታቸውን ግን የነገረኝ የለም። ዛሬም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካገኘሁ አላልፈውም፤ የሰው ጉዞ እያነበብኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ጭልጋ ግን ሄጄ አላውቅም። ለምን አልጠየቅሃቸውም ለሚለኝ ሁሉ መንገዱ ዝግ ነው እላለሁ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህም እንዲሁ እላለሁ።