ባጃጅ ላይ ያፈሰስኩት ሰም

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ስለሆነ፣ በሥራዬ ላይ ጥያቄ የሚያነሳብኝ ሰው ያናድደኝ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ ሌባ ባጃጅ ሊነዳ ሲሞክር ሞተሩን የሚያጠፋ ትንሽ ሰርኪዩት እሠራለሁ። ዝናብ እንዳይገባው፣ የመንገዱ ንዝረትም ብየዳውን እንዳይነቅለው፣ የጧፍ ትርፍራፊ አቅልጬ አፈስበት ነበር።

ከአረብ አገር ተመልሳ ባጃጅ የገዛች ሴት፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ሲግል ሰሙ አይቀልጥም?» አለችኝ።

«ምነው፣ የአረብ ድስት ስታጥቢ ነው ኤሌክትሪክ የተማርሽው?» አልኳት። ሱቄ ደጃፍ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ።

ሰርኪዩቱን ሞተሩ አጠገብ ገጠምኩላት። ሰሙ ቀልጦ ፈሰሰ፤ ሐምሌ ላይ ውሃ ገባበት። ዳገት መካከል ሞተሩ ጠፋና ባጃጁ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቦይ ገባ፤ ክንዷ ተሰበረ። ሰርኪዩቱን ፈትቼ ሳየው ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አወቅሁ። ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ስትመጣ ግን በሾፌሮቹ ፊት፣ «ሰርኪዩቱ ደህና ነው፤ አንቺ ነሽ መንዳት የማትችይው» አልኳት።

«የእጅዎን ይስጥዎ» አለችኝ።

ሰው ያመነው እኔን ነው። ባጃጇ ላይ የሚሳፈር ጠፋ፤ ሸጠችውና ተመልሳ አረብ አገር ሄደች። ዛሬ ሰርኪዩቱን ከሞተሩ አርቄ በማይቀልጥ ሙጫ እሸፍነዋለሁ፤ ከሥሩም ንዝረቱን እንዲያበርድለት የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አነጥፍለታለሁ። ማን አስተማረህ ሲሉኝ፣ «ራሴ» እላለሁ።