ደወሉን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ

ጂንካ በመምህርነት ተመድቤ በሄድኩ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ተማሪ በሙሉ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ። የመውጫው ደወል ጮኾ ነበራ! እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቆይቼ ዞር ስል ክፍሉ ባዶ ነው። ወይ ጉድ! ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ተመለሱ!» እያለ ይጮኻል፤ ማን ሊሰማው? ባጃጆቹ እንኳ ትምህርት ያለቀ መስሏቸው ደጁን አጨናንቀውታል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ድሮ ደወሉን የሚደውሉት አንድ የአሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታሉ፣ ከተማሪውም ከመምህሩም የሚያረፍድ የለም። አዲሶቹ ሕንፃዎች ሲሠሩ ግን የቸርኬው ድምፅ እዚያ ድረስ አልደርስ አለ። እኔ የኮምፒውተር መምህሩ ደረቴን ነፋሁና «ኮምፒውተር ይደውልልን» አልኩ። ቫይረስ የጨረሰው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫንኩ፣ የደወል ፕሮግራም አስገባሁ፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። ሰዓቶቹን የመሙላቱን ሥራ ለጋሼ አስረከብኳቸው።

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ጋሼ ስድስት እየደመሩ መጻፍ ነበረባቸው። አብዛኛውን ደመሩ። የመውጫውን አስራ አንድ ሰዓት ግን እንዳለ ጻፉት፤ የፈረንጁ አስራ አንድ ደግሞ የእኛ አምስት ሰዓት ነው።

ርዕሰ መምህሩ በዚያው ቀን ሁለታችንንም ቢሮ ጠራን። «ሰኞ ሞዴል ፈተና ነው። ዓርብ እንሞክረዋለን፤ ካልተስተካከለ ደወሉን ሌላ ሰው ይረከባል፣ እርስዎ ወደ በር ጥበቃ ይሄዳሉ» አላቸው።

ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ መምህር፣ ልጆቼ ሁሉ በኔ ደወል ነው የተማሩት። የመጨረሻዋ ልጄ ሰኞ ትፈተናለች። በሌላ ሰው ደወል ትግባ?»

«ስድስት መደመር እኮ ቀላል ነው ጋሼ» ብላቸው ተቆጡኝ። «ፀሐይ ወጣ፣ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ይሄን ሕፃን ያውቃል። ማሽኑ ካላወቀ ማሽኑ ይማር!»

እውነታቸውን ነው። እልህ ያዘኝ።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በሙሉ ስድስት ወደ ኋላ ስመልሰው የሬኮርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጮኸችብኝ፤ በዚያው ኮምፒውተር የምትመዘግበው ውጤት የተሳሳተ ሰዓት መያዝ ጀመረ። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የደወሉ ፕሮግራም ብቻ ነው። ለዚህ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሚባል ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም ሲነሳ ጆሮው ላይ የሚነገረው ማሳሰቢያ በሉት፤ «አንተ ሰዓት እንዲህ ቁጠር» ትለዋለህ፣ ሌሎቹ አይሰሙም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ በቴርሚናሉ ላይ ሞከርኩት። አገራችን የዓለም ሰዓት ከሚቆጠርበት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ስድስት ወደ ኋላ ስመልስ ከግሪንዊች ሦስት መቀነስ ስለነበረብኝ ሲቀነስ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ንቅንቅ አላለም! ለካ እዚያ ምልክቱ የሚጻፈው ተገላብጦ ነው። ሲደመር ሦስት ብዬ ፕሮግራሙን ከዚያው ሳስነሳው ሰዓቱ የእኛ ሰዓት ሆነ። እሰይ! ማሳሰቢያውን ቴርሚናሉ ሲከፈት የሚያነበው ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩና ጮቤ እየረገጥኩ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ጠዋት መምህራኑ ተሰበሰቡ። ጋሼ ቴርሚናል ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እንደ ልማዳቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን የደወሉን ምልክት፣ አይኮኑን፣ ሁለቴ ተጫኑት። ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ሰዓቱ ያው የፈረንጅ ሰዓት! አንዱ መምህር ሳቁን በእጁ አፈነ። ርዕሰ መምህሩ «በቃ» ሊል አፉን ሲከፍት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ታገሰኝ» ብዬ ለመንኩት።

ምሳ አልበላሁም። ጋሼም አልበሉም፤ አጠገቤ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። የመጣልኝ ከሁለት ሰዓት መፋጠጥ በኋላ ነው። እኔ የነገርኩት ለቴርሚናሉ ነው! በአይኮን የሚከፈት ፕሮግራም በዚያ በኩል አያልፍም፣ ያንን ፋይል አያነበውም። አይ የኔ ነገር! አይኮኑ ራሱ ከሥሩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ቅጂውን ወስጄ ከፈትኩት፤ Exec የሚል መስመር አለው፣ ሲጫኑት የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ የሚናገር። ከፕሮግራሙ ስም ፊት ያንኑ ማሳሰቢያ env TZ=EAT+3 ብዬ ጻፍኩና በቀድሞው አይኮን ቦታ አስቀመጥኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህች ነው እንግዲህ ስንቆራጠጥ የከረምነው!

«ይጫኑት ጋሼ።»

ተጫኑት። ስክሪኑ ላይ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ጋሼ በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ደግመው ፀሐይዋን አዩ። «ልክ ነው» አሉ። እኔ ከወንበሬ ዘልዬ ጮኽኩ፤ የሬኮርድ ክፍሏ ሠራተኛ እንኳ ደንግጣ መጣች። የማሽኑ ሰዓት እንዳልተነካባት አይታ እሷም አጨበጨበች። ጋሼ የዕለቱንም የሰኞንም ሰዓቶች ሳይደምሩ ሳይቀንሱ አንድ በአንድ ሞሏቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወሉ ግቢውን አናጋው፤ ርዕሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት ተፈታኞቹ ተሰልፈዋል፣ የጋሼ ልጅ ከፊት ነች። ፈታኞቹ ፖስታቸውን ይዘው ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ለማየት ኪሱን ዳበሰ፤ ከዚያ ተወውና ወደ ጋሼ ዞረ።

«ጋሼ፣ እናስገባ?»

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ» አሉት።

ቆመ። ሰልፉም፣ ፈታኞቹም፣ እኔም ቆምን። ደወሉ ጮኸ።

«አሁን አስገባ» አሉት።