የእትዬ ሰዓዳ ስልክ

«አጥፊው አልኩሽ!»

«አባዬ፣ በፍቅር እኮ ነው የለጠፍኩት። ሰው የጻፈልኝን እስቲ አንብበው!»

«አክስትሽስ ምን አለች?»

ልጄ ሜሮን ስልኳን ደረቷ ላይ አጣበቀች። ባለፈው ሳምንት እህቴ ሙሉ ልጇን ስትድር፣ ዕቃ ቤት ገብታ ብቻዋን አለቀሰች። ሜሮን በተገረበበው በር በኩል ቀርጻ፣ ሙዚቃ ጨምራበት ለቀቀችው። ትናንት ገበያ መሀል የማታውቃት ሴት ሙሉን አቅፋ «አይዞሽ እናቴ፣ ልጅ መዳር እንዲህ ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ የሜሮንን ስልክ አታነሳም።

«ቁጭ በይ» አልኳት። የገርጂው ክረምት ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያኔ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገርጂ ግማሿ ቤት፣ ግማሿ የጤፍ ማሳ ነበረች። ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን ያለውን ጭቃ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነበር የምናቋርጠው። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ያጣሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምሞነጫጭር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ጎረምሳ ነበርኩ።

በመንደሩ ስልክ የነበረው እትዬ ሰዓዳ ቤት ብቻ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው በከባድ መኪና አሰብ ስለሚመላለሱ ነበር ያስገቡት። ስልኩ ሳሎኑ መሀል ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። የክፍለ ሀገር መስመር ስለሚንጫጫ፣ ሰው የልቡን ጉዳይ እየጮኸ ነበር የሚያወራው። ስለዚህ እትዬ ሰዓዳ ሕግ አወጡ፤ ወሬው የልብ ወሬ ከሆነ ቤተሰቡም እንግዳውም ተነስቶ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ምሳ ቀርቦም ቢሆን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሙሉ ከድሬዳዋ ተደወለላት። እጮኛዋ ነበር። እኛ እዚያው ሳሎን፣ በሩ አጠገብ በከሰል በቆሎ እሸት እንጠብሳለን።

«ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም!» ስትል ተያይተን ሳቅን። ቀጥላ ግን «ሌላ አገባህ? መቼ?» ብላ ጮኸች።

እትዬ ሰዓዳ ምድጃውን አንስተው «ውጡ!» አሉ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ገጣሚ! ና ውጣ!»

«እህቴ እኮ ናት፣ እትዬ!»

«እህትህ ከሆነችማ ይበልጥ ውጣ! ነገ ፊትህን ማየት አለባት።»

በሩ ተዘጋ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድረን፣ ዝናቡ እግራችንን እየረጨን በቆሏችንን ጠበስን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፅዋን ዋጠልን፤ ሁሉንም ግን አልዋጠም። ሙሉ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ሰዓዳ በደንብ የበሰለውን መርጠው ሰጧት።

«ብዪ የኔ አበባ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ወሬው መንደሩን እንዳዳረሰ የገባኝ በማግስቱ ነው። ባለሱቁ ስኳር ሲመዝንላት አበዛላት፤ «ሙሌ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» እያሉ የሚለክፏት ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው አሳለፏት። ማንም ምንም አልጠየቃት። እሷም ማንም እንዳልሰማ ሆና ቀና ብላ ሄደች።

ምስጢር የሚይዝ ግድግዳ አልነበረንም። በሩን የሚዘጋልን ሰው ነበር።

ሜሮን ስልኳን ከደረቷ አላቅቃ «ዕቃ ቤት የገባችው እንዳናያት ነው፣ አይደል?» አለች። ጣቷ ስልኩን ነካ ነካ አደረገው፤ ቪዲዮው ጠፋ። ከእሷ ወስደው ያባዙት እንደማይጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አሁንስ ብደውል ታነሳልኛለች?»

የእኔን ስልክ ሰጠኋት። ጠራ።

«አቤት ወንድምዬ» አለች ሙሉ።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ…» አለች ሜሮን።

ብድግ አልኩ። በዓይኗ «ወዴት ነው?» አለችኝ። ውጭ ያካፋል። ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁና በሩን ዘጋሁላቸው።