ሱሉልታ ላይ ያጨለምኳቸው ሃያ ስክሪኖች

በአገራችን ጨልሞ እኔ ያላበራሁት ስክሪን የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳ ኮምፒውተር ደንግጦ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ላፕቶፕ ጠቁሮ እምቢ ሲላት ይህንኑ ነገርኳት። እሷም "አውቃለሁ፤ እስኪ ለማንኛውም ለጠጋኙ ላሳየው" ብላ ይዛው ወጣች። ከእጄ ሳይወጣ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አይቼ ሱሉልታ ትዝ ብላኛለች።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የዙሪያውን ገበሬ መሬት ይወስዳል ተብሎ ተቃውሞ የተነሳበት ነው። ከሰበታ እስከ ቡራዩ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የቡራዩ ልጅ ነበርኩ። የቀጠረኝ የኮምፒውተር መሸጫ ሱሉልታ ወዳለ ትምህርት ቤት ሃያ ቲን ክላየንት እንድተክል ላከኝ። ቲን ክላየንት የምሳ ዕቃ የምታክል ሳጥን ናት፤ የራሷ የሆነ ነገር የላትም፤ ሁሉን ጥግ ካለው ሰርቨር በገመድ እየሳበች ትኖራለች። እኔ ገባሁ፣ መንገዱ ከኋላዬ በድንጋይ ተዘጋ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ጫልቱ የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ሰኞ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ክፍሉ ሲሠራ ካዩ ቋሚ ትሆናለች። ካልሠራ ሳጥኖቹ ተጭነው ይመለሳሉ፤ እሷም ወደ ቤቷ። ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ ጣቶቿ ግን የክፍሉን ቁልፍ ሲያሽከረክሩ ነበር።

አርብ ለእያንዳንዷ ሳጥን የኔትዎርክ አድራሻዋን ሰጠሁ፤ ሃያውም ተነሱ። እዚህ ላይ እጄን ብሰበስብ ጀግና ነበርኩ። ቅዳሜ ግን ምስሉ ይበልጥ ይጥራ ብዬ ትልቁን የስክሪን ጥራት መረጥኩና ለሃያውም ባንዴ ላክሁ። ስክሪኖቹ በልገሳ የመጡ አሮጌዎች ናቸው፤ አልቻሉትም። ሃያውም እኩል ጨለሙ። ሰርቨሩንም የማዘው በአንዷ ሳጥን በኩል ስለነበር የሠራሁትን ልመልስ ብል የማይበት ስክሪን የለኝም።

"ምን ሆኑ?" አለች ጫልቱ።

"ኔትዎርክ ተቋርጦ ነው። የሰሞኑን ነገር ታውቂው የለ።"

በዚያ ሳምንት የሞባይል ዳታም ታክሲም ጠፍቶ ስለነበር በር ላይ ቆሞ ያየን የነበረው ርዕሰ መምህር ራሱን ነቅንቆ አመነኝ። እሷ ግን ገመዱን ከሳጥኑ እስከ ሰርቨሩ በዓይኗ ተከተለችው። አራት ሜትር አይሆንም።

"ይሄንን ደግሞ ማን ቆረጠው፣ ኢንጂነር?"

ስልክ ስለሚሠራ ለአለቃዬ መደወል እችል ነበር። ግን "ለዚህማ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ" ብዬው ነው የወጣሁት።

የሚያሳድሩኝ ጥበቃው ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ኅዳር ነው፤ የሱሉልታ ብርድ ጥርስ ከጥርስ ያጋጫል፤ ደጁ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። እሁድ ምሳ ላይ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮና እርጎ አቀረቡልኝ።

"ብላ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። መሬቱ ሳይሄድ ወተቱን እንጠጣ።"

"እውነት ይወስዱብዎታል?"

"እኔ ምን አውቄ። አባቴ ያረፈው ላሞቹ ከቆሙበት አለፍ ብሎ ነው።"

ሦስተኛውን ሳህን ጨርሼ ጋደም አልኩ። ከሰዓታት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ትከሻዬን ይነቀንቁኛል፦ "ተነስ፣ ልጅቷ አበራችው።"

ሮጥኩ። ሃያው ስክሪን ወለል ብሏል። ጫልቱ አቧራ በአቧራ ሆና ወንበር ላይ ተዘርግታለች።

"የርዕሰ መምህሩ ስክሪን አዲስ አይደል? ተሸክሜ አመጣሁና አንዷ ሳጥን ላይ ሰካሁት፤ ታየ። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ለሁሉም ላክሁ። አንተ ስትልክ አይቼህ የለ።"

ኦቦ ቶሎሳ በየስክሪኑ ፊት እየቆሙ "አካም ጅርተ" እያሉ ሃያውንም ሰላም አሉ። እስኪያመን ሳቅን። ሰኞ ሰዎቹ በእግራቸው መጥተው አዩ፤ ጫልቱ ቋሚ ሆነች። መንገዱ ተከፍቶ ልሰናበታት ስል ግል ማኅደሯ ውስጥ የሚገባ የምስክርነት ወረቀት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ስክሪኖቹን ያስተካከለችው እሷ መሆኗን የሚገልጽ።

ይህን ታሪክ በየሠርጉ አውርቼዋለሁ፤ ሃያው ስክሪን አሁን ሁለት መቶ ደርሷል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ግን ያጋነነው ሳይሆን የዘለለው ነው የሚከነክነው። እኔ ሁልጊዜ የምዘለው ወረቀቷን ነው። ጽፌ ፈርሜላታለሁ፤ ግን "በእኔ መሪነት" የሚል ጨምሬበታለሁ። አልመራኋትም። እሷ ስትሠራ እኔ ኦቦ ቶሎሳ ቤት አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነበር።