ጀማል የቀበረው ሽማግሌ

ያ ነገር ያስከፈለኝ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ ስምንት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጓደኛ ነው። ወንበሮቹንስ ሸጥኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ባለው ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ልጄ ሜሮን ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትነጫነጫለች። የምትከታተለው የዞምቢ ድራማ ግማሹ ላይ ቆሞ፣ ቀሪው ከወራት በኋላ ነው ተብሏል። ገሚሱ ተመልካች «ድንቅ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «ቀልደውብናል» እያለ ይሳደባል።

«አባዬ፣ ይሄ ንቀት አይደለም?»

«እኔን ባትጠይቂኝ ይሻላል» አልኳት።

እዚሁ ሮቤ ቪዲዮ ቤት ሳለኝ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያተኛው ገብሱን ሸጦ፣ የቦቲውን ጭቃ ደጃፌ ላይ አራግፎ ይገባል። በክረምት ክፍሉ የራሰ ካፖርትና ሰው በየኪሱ ቋጥሮ የሚያመጣው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይሸታል፤ ቅቤው ፊልሙ ሳይጀመር ያስርባል። አብሮ አደጌ ጀማል ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ እንግሊዝኛውን በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቀ ይተርካል። እንግሊዝኛው ከእኔ ብዙ አይሻልም። ድምፁ ግን ያስለቅሳል።

አንድ ቅዳሜ ከሻሸመኔ ያመጣሁት የዞምቢ ድራማም እንዲሁ ግማሹ ላይ ቆመ። ከዞምቢዎቹ የሸሹትን ስደተኞች ሁሉ ሲያበላ የከረመው ሽማግሌ ሞተ፤ ሬሳው ተነሳና ወደ ገዛ ልጁ መራመድ ጀመረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

«ቀጥል እንጂ!» አለ ተመልካቹ።

«አለቀ። ያቆሙት ሠሪዎቹ ናቸው፤ ቀሪው ገና አልወጣም» አልኩ።

ማን ይመነኝ? ከዚያ በፊት አንዱን ፊልም ለሁለት ቆርጬ ሁለት ቅዳሜ ያስከፈልኩት እኔው ነኝ። «ደግሞ ጀመረው ሌባው!» አለ አንዱ የጎባ ልጅ፣ አግዳሚውን ወደ ቴሌቪዥኔ አንስቶ።

የጊኒሩ የከብት ነጋዴ ሀጂ ከድር በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ለብሩ አይደለም። ያን ሁሉ ሰው ያበላ ሽማግሌ፣ ወላሂ፣ የሚቀብረው ይጣ? ሳይቀበር አልነሳም!»

ጀማል እጁን አነሳ። «ሀጂ፣ ይቀመጡ። ቀሪውን እኔ አይቼዋለሁ።»

አላየውም። በጨለመው ስክሪን ፊት ቆሞ ተረከው። ልጅቷ «አባዬ» ብላ ጠራችው፤ ሽማግሌው ሰማት፤ ቆመ፤ እግሯ ሥር ተኛ። ጎረቤት ተጠራ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ለቅሶው ላይ ማን ዘግይቶ እንደመጣ እንኳ አልቀረውም። አግዳሚው ቀስ ብሎ ወረደ። ሀጂ «አላህ ይማረው» አሉ፤ የጎባው ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

ከወራት በኋላ፣ አጨዳው ሲያልቅ፣ እውነተኛው ቀሪ ክፍል መጣ። ጀማል «አታሳየው» አለኝ። አሳየሁት። ሽማግሌው ከሌሎቹ ሬሳዎች ጋር ይንከራተታል፤ የሚቀብረው የለም።

«ይሄ የተጭበረበረ ነው!» ጮኹ ሀጂ። «ሰውዬው እኮ ተቀብሯል! እኔ ራሴ ነበርኩ!»

«ሌባ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሳላጭበረብር ለሁለተኛ ጊዜ ሌባ ተባልኩ። አልቻልኩም። «ውሸታሙ ጀማል ነው!» አልኩ። «ያኔ የነገራችሁን ከራሱ ፈጥሮ ነው!»

ጀማል ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደ። «ስምህን አተረፍክ፣ አይደል?» ብሎኝ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰው መጣ፤ የሚተርክላቸው ስላልነበረ እነሱም ሄዱ።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። «የማን አጨራረስ ይሻላል ታዲያ?» አለችኝ።

«የጀማል።»

«ነግረኸው ታውቃለህ?»

እሱ አሁን ደሎ መና ከተማ ውስጥ ማር ይነግዳል። ስልክ ቁጥሩ አለኝ። አልነገርኩትም።