የፍሬ ስብሐት የጾም ዓሣ

የግራር ሙጫ በሸተተኝ ቁጥር የልጅነቴ የሒሳብ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። መልሱ ከኋላው ታትሞ ስለነበር መምህራችን እነዚያን ገጾች በሙጫ አጣብቀው ነበር የሚያድሉን። ይህን ለፍሬ ስብሐት ባጫወትኋት ጊዜ ስልኳን አውጥታ፣ «የኛን መልስስ ማን ያጣብቀው ጋሼ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፍሬ ስብሐት ጣና ሐይቅ ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ ናት፤ የመሪጌታ ልጅ። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቴ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ደቅ ዓሣ አስጋሪዎች ገበያ ነው፤ ደሴቲቱን ዞራ አነጋግራቸው ድምፃቸውን በስልኳ ቀድታለች። አማካሪዋ፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንግሊዝኛችሁን ቢያርም አልከለክልም፤ የሠራላችሁን ግን ግለጹ» ብለዋል። እርሷም በዚያው ልክ ስትሠራ ቆይታ፣ ቀኑ ሲያጥርባት አንዱን ምዕራፍ ገና በጅምሩ ለዚሁ አስተውሎት ሰጥታ «አሟላልኝ» አለችው። አሟላላት።

በማስረከቢያው ቀን ረፋዱ ላይ ወረቀቱን ይዛ ሳሎን ገባች።

«ጋሼ፣ ግድፈት ካለው እስቲ ይዩልኝ።»

መነጽሬን አድርጌ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። አስጋሪዎቹ እንደነገሯት ተደርጎ፣ በጾም የዓሣ ገበያ ይቀዘቅዛል ይላል።

«ይኼ ጸሐፊሽ ባሕር ዳርን ረግጧት ያውቃል? በሁዳዴ ዓሣ ለማግኘት ስጋፋ አይደል እንዴ የምውለው!»

«እኛ ቤት እኮ በጾም ዓሣ አይነካም።»

«እናንተማ የካህን ቤት ናችሁ። አስጋሪዎቹ ምን አሉሽ?»

ስልኳን ስትነካካ ቆይታ የአንዱን ድምፅ ከፈተችው። «ጾም ሲገባማ ምን ይጠየቃል! ጀልባው ሳይቆም ነው የሚያልቅ። አባትሽ ባይበሉ ሌላው ይበላል!» ይላል። አብረውት ያሉት ይስቃሉ፤ የእርሷም ሳቅ አለበት።

«በጆሮዬ ሰምቼው» አለች። «ሳነበው ግን የቤታችን ነገር ስለሆነ ልክ መሰለኝና አለፍሁት። ይህችን ላርማትና ላስረክብ።»

«የቀረውንስ ከድምፁ ጋር አስተያይተሽዋል?»

«አላስተያየሁም። እሱ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ዛሬ ካላስረከብሁ ዘንድሮ አልመረቅም። አባባ ለምርቃቴ ሊሻገሩ ተዘጋጅተው! ፈታኞቹስ ቢሆኑ በየት ያውቁታል?»

«ላያውቁት ይችላሉ» አልኋት። እውነቴን ነበር።

ወረቀቱን ተቀብላኝ ቆመች። «አባባ ሲያስተምሩ፣ ተማሪው ያልሰጡትን ቃል ሲጨምርባቸው ከመጀመሪያ ነው የሚያስጀምሩት» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ቀጥላ አማካሪዋ ጋ ደወለች።

«መምህር፣ ዛሬ አላስረክብም። አንዱን ምዕራፍ እኔ አልጻፍሁትም፤ ሰዎቹ ያላሉት አለበት… አዎ፣ ዘንድሮ እንደማልመረቅ አውቃለሁ… እሺ፣ መጥቼ አስረዳለሁ።»

ሌላ ጊዜ «ደኅና ይዋሉ ጋሼ» ሳትል ከዚህ ቤት አትወጣም። ያን ዕለት ግን የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ የአስጋሪውን ድምፅ ከመጀመሪያው ከፈተችና፣ ወረቀቷን በብብቷ ይዛ ወጣች።